የፋብሪካው በር ላይ ሃያ አንድ ዓመት የቆሙት ወንድማችን

ወንድማችን ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛው ናቸው። በላያቸው ታላቅ ወንድማችን፣ በታቻቸው ደግሞ ይህን የምትጽፈው እህታቸው አለች። ሙሉ ስማቸው በዚህ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ሽፋን ላይ ከፎቶግራፋቸው ሥር ታትሟል። በሥራ ቦታ ግን በዚያ ስም የጠራቸው የለም፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ እንዴት አደርሽ» ነበር የሚላቸው። ለምን እንደሆነ በቦታው ይነገራል።

በሕይወት ታሪክ ላይ «እኔ» አይባልም ተብያለሁ። እሞክራለሁ። ከፋብሪካው ቢሮ ተጽፎ የመጣልን አንድ ገጽ ነበር፤ «ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪና ለሥራቸው ታማኝ ነበሩ» ይላል። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ስሙን ፍቀው የፈለጉትን ሰው ስም ቢጽፉበት ያው ነው፤ ለሚመጣው ዓመት ሟችም ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን መለስኩና ይህን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የምታነብልኝ የሟች ትልቋ ልጅ ናት። አደራ ልጄ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ፊት የተቀመጡት የሽመና ሠራተኞች ናቸው፣ ጆሯቸውን ማሽን ወስዶታል። ደግሞ አንድም መስመር እንዳትዘይ።

አባታችን የሚሠሩት በቤታችን የፊት ክፍል፣ መስኮት ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ካጎነበሱ በኋላ ያናገራቸው ሰው ወዮለት። ታላቅ ወንድማችን ደብተር ባለቀባቸው ጊዜ መግዣ ሊጠይቁ ዘው ብለው ይገቡና ተኮርኩመው ይወጣሉ፤ ከዚያ «አባባ ክፉ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። ሟች ግን መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው የአባታችንን ትከሻ ያያሉ። ትከሻው ወደ ጆሮ ከተጠጋ ይመለሳሉ፤ ከወረደ ይገባሉ። የሦስታችንንም ደብተር የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን «እንዴት አወቅክ?» ብዬ ብጠይቃቸው «አየሁታ!» አሉኝ። ማየት ለሰው ሁሉ እኩል የተሰጠ መስሏቸው ነበር። እስኪሞቱም ድረስ እንደዚያው መስሏቸው ኖሩ።

በ1953 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው በ1963 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን ጨረሱ። ታላቅ ወንድማችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የንግድ ሥራ አስተዳደር ሲማሩ፣ ሟች ሁለት ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ተምረው በ1965 ዓ.ም. በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በማሽን ጠጋኝነት ተቀጠሩ። እዚያ ሃያ ዓመት ሠሩ።

የሽመና አዳራሽ ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ሁለት መቶ ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንቋቋ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። ጮሆ መናገር ዋጋ የለውም። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው በእጅና በፊት ነው የሚነጋገረው። መዳፍን ጉንጭ ላይ አሳርፎ ከዚያ ወደ ሰውዬው መዘርጋት «እንዴት አደርሽ?» ማለት ነው። መዳፍን ደረት ላይ ማድረግ «ደህና» ማለት ነው። ግን እጁ ደህና እያለ ፊቱ ሌላ የሚል ሰው አለ። ሟች የተማሩት ይህንን ነው፤ እጁን ትተው ፊቱን ማመን። ይህ ትምህርት ምስክር ወረቀት የለውም፤ አለመኖሩም ኋላ ጎዳቸው።

በ1971 ዓ.ም. በዚያው ፋብሪካ ክር ጠምጣሚ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «እንዳገባው በቃል የጠየቀኝ ቀን የለም» ይላሉ፤ ከአራት ማሽን ማዶ በእጃቸው ጠየቋቸው፣ እሳቸውም በእጃቸው እሺ አሉ። መሐል ላይ የቆመችው ሠራተኛ ለእሷ የተባለ መስሏት ሳምንት ሙሉ ስታኮርፍ ከረመች ይባላል።

በ1985 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከፈቱ። መሬቱን ያገኙ፣ ማሽኑን ያስመጡ፣ ገበያውን የፈለጉ እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፋብሪካው አይኖርም ነበር። ይህን መካድ ነውር ነው፣ አልክድም። ሟችን የቴክኒክ ኃላፊ አድርገው አመጧቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን የተቀመጡት ከአዳራሹ በላይ፣ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው። ትእዛዝ ለመስጠት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የሽመናው አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አሰቀሉ! ከላይ ሆነው ይናገራሉ፤ ታች ማንም አይሰማም። ዝም ብለው ሥራቸውን የቀጠሉትን ሁለት ሸማኔዎች «ናቁኝ» ብለው አባረሩ። በአራት ወር ውስጥ ከስልሳው ሠራተኛ ሠላሳ ስምንቱ በየምክንያቱ ለቀቀ። ታላቅ ወንድማችን «የዘንድሮ ሰው ሥራ አይወድም» አሉ።

ሟች በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ አንድ ዓመት፣ በዝናብም በብርድም፣ በሩ ላይ ቆመው የሚገባውን ሠራተኛ አንድ በአንድ ተቀበሉ። አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ስለነበር «እንዴት አደርሽ?» ማለት ሆነ ሥራቸው፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። መልሱን ሳይሰሙ ግን አያሳልፉም። ያልተኛች፣ ያለቀሰች፣ የታመመች መሆኗን ካዩ «ዛሬ እጥፋት ክፍል ሰው ጎድሎብኛል፣ ታግዢኛለሽ?» ይላሉ። ብርድ ልብሱ የሚታጠፍበት እጥፋት ክፍል ሰው አልጎደለም። የብርድ ልብሱን ፀጉር ከሚያበጥረው ጥርሳም ሲሊንደር ሊያርቋት ነው። እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ፤ ግን ማንም ማንንም አላሳፈረም። ለምን እንደተዛወረች የትም አይጻፍም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ፋብሪካ አንድም ሰው ጣቱን አላጣም። ስልሳው ሠራተኛ ሦስት መቶ ሲሆን፣ ከዚያ ጠዋት ወዲህ የለቀቀው በጣት የሚቆጠር ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ሥራ ሲቆምባቸው እዚህ አንድም ቀን አልቆመም።

ቅዱስ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ባለቤታቸው እዚህ ተቀምጠው ስለሚሰሙ አልዋሽም። ቀኑን ሙሉ የሦስት መቶ ሰው ፊት ሲያነቡ ውለው ቤታቸው ሲገቡ የልጆቻቸውን ፊት ለማንበብ አቅም ያጡባቸው ጊዜያት ነበሩ። ልጃቸው ፈተና ወድቆ ሳምንት ሙሉ በዝምታ ሲቆዝም ያላዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኋላ ሲነገራቸው በጣም አፈሩ። ባለቤታቸውም «ለእኛ የሚተርፈን ድካሙ ነው» ብለው ለእኔ አልቅሰዋል። ያ ሁሉ ነገር ነው እንግዲህ ለፋብሪካው የተሰጠው።

በ2006 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን የሦስት ቀን ስልጠና ወስደው ተመለሱ። ርዕሱ «ስሜታዊ ብልኅነት ለንግድ ሥራ መሪዎች» ይባላል። መሪ የሠራተኛውን ስሜት ማወቅ አለበት፣ መስማት አለበት፣ ያኔ ሥራው ያድጋል፣ ሠራተኛው ይቆያል ይላል። እውነት ነው! ቃል በቃል እውነት ነው። አንብቤዋለሁ፤ ወንድሜ በር ላይ ቆመው የሚያደርጉትን ነው የሚለው። ታላቅ ወንድማችን ግን ያንን በወረቀት ላይ እስኪያነቡት ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ከመስኮታቸው ሥር ሲሠራ አላዩትም። አሰልጣኙን ከእነ ስክሪኑ ፋብሪካው ድረስ አመጡ። ለኃላፊዎች ሁሉ የስሜታዊ ብልኅነት ፈተና ተሰጠ፤ በወረቀት ላይ፣ ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ ነው። ታላቅ ወንድማችን ከመቶ ዘጠና ሁለት አገኙ። ሟች አርባ አንድ። ከሁሉም የመጨረሻ! «ሠራተኛ ሲያዝን ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ አራቱንም ምርጫ ሰርዘው «ማን እንደሆነች ይወስነዋል» ብለው ጻፉበት። ስሕተት ተባለ።

እንግዲህ አርባ አንድ ያገኘ ሰው በር ላይ ምን ይሠራል? በሩ ላይ የጣት አሻራ የሚወስድ መሣሪያ ተተከለ። ሰላምታው ደግሞ ካርድ ሆነ። ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ሲገባ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ካርድ ሰሌዳ ላይ ይሰካል፤ አረንጓዴ ደህና ነኝ፣ ቢጫ ደክሞኛል፣ ቀይ ደህና አይደለሁም። ቀይ የሰካ ወደ ቤቱ ይላካል። ሦስት ጊዜ ቀይ የሰካ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ይህን ያወጡ ሰዎች ማታ ተኝተው ያድራሉ? በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ታላቅ ወንድማችን ፎቶ አንስተው ቢሯቸው ውስጥ ከምስክር ወረቀታቸው ጎን ሰቀሉት፤ እስካሁን አለ። ሟች «አማካሪ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸው ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ካለች ክፍል ገቡ። ሁለት ዓመት የተማከሩበት ጉዳይ የለም።

ግንቦት 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት፣ ሟች በመስኮታቸው ሠራተኛው ሲገባ እያዩ ነበር። ማበጠሪያው ላይ የምትሠራ፣ «ሳቂታ» የሚሏት ሴት አሻራዋን ሰጥታ፣ አረንጓዴ ካርዷን ሰክታ አለፈች። እንደ ልማዷ እየሳቀች ነው። ልጇ ሆስፒታል ተኝቶባት ለአራተኛ ቀን አልጋ አልነካችም፤ በዚያ ወር ሁለት ቀይ ሰክታለች፣ ሦስተኛውን ፈርታለች። ይህን ሁሉ ሟች አያውቁም። ግን ከፎቅ ላይ ሆነው ትከሻዋን አዩ። ወዲያው አወቁ። ተነሡ። የክፍላቸው በር ጋ ደረሱ። ከዚያ «ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ተብሏል» ብለው ተመልሰው ስልክ አነሡ፣ ለታላቅ ወንድማችን ደወሉ። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለቻቸው። ስብሰባው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? የስሜታዊ ብልኅነት ስልጠና፣ ሁለተኛ ዙር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማሽኑ በድንገት ቆመ። ሳቂታ ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ አጣች።

ወንድሜ የዚያን ዕለት ሥራ ለቀቁ። ታላቅ ወንድማችን በዚያ ቀን ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ መሰካቷን በፎቶ አረጋግጠው ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ በደብዳቤ አሳወቋት። ሟች ግን ጥፋቱን ለማንም አልሰጡም፣ ለራሳቸው ወሰዱት። «አሥራ ስምንት ደረጃ ነበር እታለም፤ አሥራ ስምንት ደረጃ መውረድ አቃተኝ» ይሉኝ ነበር። ስንት ጊዜ አልኳቸው፣ «ከበሩ ያነሡህ እነሱ ናቸው» ብዬ። አይሰሙኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸው እስከቻለ ድረስ በየሳምንቱ ቤቷ ይሄዱ ነበር። በግራ እጇ መጻፍ የተማረችው ከእሳቸው ጋር፣ እሳቸውም አብረው በግራ እጃቸው እየጻፉ ነው። የእሳቸው ጽሑፍ ከእሷ የባሰ ነበር፤ በዚያ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ልጇም ድኗል፣ ዛሬ እዚህ አለ።

ሟች ለዓመታት የተነፈሱት የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ በ2014 ዓ.ም. ሕመሙ ጠናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል ገቡ።

እሳቸው አልጋ ላይ እያሉ ፋብሪካው ቆመ። ታላቅ ወንድማችን ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለችውን የሽመና ቡድን መሪ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሰድበዋት ነው። ሦስት መቶ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ከየማሽኑ አጠገብ ቆመ። ስድስት ቀን እንዲሁ ሆነ። አሰልጣኙ ተጠርቶ መጣ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። የካቲት 18 ቀን ታላቅ ወንድማችን ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ሆስፒታል መጡ። እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ የምናገረው ያየሁትን ነው። ቆመው «ምን ልበላቸው?» አሉ።

ወንድሜ የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፋቸው አንሥተው፣ በየመሐሉ እያረፉ፣ ሃያ ደቂቃ ነገሯቸው። «ወደ አዳራሹ ራስህ ውረድ። አትቁም፣ ከእነሱ ጋር ተቀመጥ። መሪዋን ሁሉም እያየ ይቅርታ ጠይቃት፣ በሰው ፊት ነው የሰደብካት። ከዚያ በፊት ግን እንዴት ሰነበታችሁ በላቸው። ብለህ ደግሞ ዝም በል፣ መልሱን ጠብቅ።» ታላቅ ወንድማችን ሁሉንም ጻፉ። «መልሱን ጠብቅ» የሚለውን ከሥሩ አሰመሩበት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። «ግሩም ነው! ግሩም!» አሉ፣ ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። እንዴት አደርክ አላሉም። ምን አለህ፣ ያምሃል ወይ፣ አላሉም።

ወንድሜ በሩን ትንሽ አዩት። «ጽፎታል አይደል? ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ጭምብላቸውን መልሼ ሳደርግላቸው እጄን ይዘው «ይኼንን እንዳትጽፊበት። ክፋት እኮ አይደለም፤ አያይም እንጂ ክፉ አይደለም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለሚሞት ሰው እሺ ይባላል። ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ ቃሌን በላሁ።

በማግስቱ የሆነውን የነገረችኝ ያችው የተሰደበችው ቡድን መሪ ናት። ታላቅ ወንድማችን እንደተነገራቸው ወደ አዳራሹ ወረዱ፤ ተቀመጡ፤ «እንዴት ሰነበታችሁ?» አሉ፤ ዝም አሉ። ይቅርታም ጠየቁ፣ ደህና አድርገው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ተያየ። ቃሉ የማን እንደሆነ ወዲያው ታወቀ፤ ሃያ አንድ ዓመት የሰሙት ነው። ከኋላ አንዷ ተነሥታ «ጋሽ እንዴት አደርሽስ? እሳቸውስ እንዴት ሰነበቱ?» ብላ ጠየቀች።

ታላቅ ወንድማችን ማስታወሻቸውን ገለጡ። አንድ ገጽ፣ ከዚያ ሌላ ገጽ። እዚያ የተጻፈ ነገር የለም። ቀና ብለው «ደህና ናቸው» አሉ። ሠራተኞቹ ግን ፊት ማንበብ ከሟች ተምረዋል። ማሽኑን ሳያስነሡ፣ በዚያው ሰዓት፣ በሙሉ ሆስፒታል መጡ። ዘበኛው ሁለት ሰው ብቻ አስገባ፤ የቀሩት ግቢው ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር ቆሙ። ትራስ ደራርበን ቀና አደረግናቸው። ታች ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ ወደ እሳቸው ዘረጋ። ወንድሜ መርፌ የተሰካበትን እጃቸውን አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉ። ደህና አልነበሩም፤ ሁሉም አውቋል። ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድማችን የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ ወንድማቸውና ታናሽ እህታቸው፣ እንዲሁም ይህ ወረቀት ለስማቸው የማይበቃ ሦስት መቶ ሠራተኞች ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጁ ቆሞ፣ ፊታቸውን አይቶ፣ ድካማቸውን ሳይነግሩት አውቆ ይቀበላቸው። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ልጄ፣ አትቀመጪ፣ የቀረ አለ።

ወንድምዓለም፣ ፊት ወንበር ላይ እንዳለህ አውቃለሁ። አንተም ሐዘንተኛ ነህ፤ አልቅሰሃል፣ አይቼሃለሁ። አሁን ሰዉ ተሰልፎ ሲጨብጥህ፣ ከሸማኔዎቹ መጨረሻ የምትመጣ አንዲት ሴት አለች። ቀኝ እጅህን እንዳትዘረጋላት። በግራህ ጨብጣት። እንዴት አደርሽ በላት። መልሱን ጠብቅ።